ምሳቸውን ይዘው የሚዞሩት ገምጋሚ፦ የወይዘሮ አረጋሽ እስጢፋኖስ የሕይወት ታሪክ

እህታችን ወይዘሮ አረጋሽ እስጢፋኖስ ከአባታቸው ከወንጌላዊ እስጢፋኖስ ሄራሞ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ አማረች ላምቦሬ፣ በከምባታ አውራጃ ከዱራሜ ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ መንደር፣ በጥቅምት ወር 1952 ዓ.ም. ተወለዱ ይባላል። «ይባላል» ማለቴን እንደ ነውር አትቁጠሩብኝ፤ ያዘዙኝ ራሳቸው ናቸው። ባለፈው ኅዳር አልጋ ላይ ሆነው አስጠሩኝና፣ «ዝማሬ፣ የሕይወት ታሪኬን የምትጽፊው አንቺ ነሽ። ማስረጃ የሌለው ነገር እንዳትጽፊ» አሉኝ። የልደት ቀናቸው ደግሞ ማስረጃ የለውም። እናታችን «እንሰት የተተከለ ሰሞን ነው» ሲሉ፣ አባታችን «የለም፣ መስቀል አልፎ ነው» ሲሉ፣ ሁለቱም ሳይስማሙ አለፉ። እንግዲህ «ይባላል» ብለን እንለፈው።

ወይዘሮ አረጋሽ በየለቅሶው የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ በጥሞና ያዳምጡ ነበር። ሲያበቃ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «በዚህ አገር የሞተ ሁሉ ደግ፣ ሰው አክባሪ፣ እንግዳ ተቀባይ ነው፤ ኧረ ለመሆኑ ክፉዎቹ የት ነው የሚቀበሩት?» ይሉኛል። በለቅሶ መሀል ስንቴ አስቀውኝ አዋርደውኛል! ስለዚህ እኔ ታናሽ እህታቸው ዝማሬ እስጢፋኖስ ያየሁትንና ከሚታመን ሰው የሰማሁትን ብቻ እጽፋለሁ። ሙገሳ ካመለጠኝ ግን እህት ነኝና ታገሡኝ።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ አባታችን በሚያገለግሉበት የሚስዮን ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ስድስተኛ ክፍል ተማሩ። እዚያ ሳሉ የሆነውን እናታችን ዕድሜ ልካቸውን ሲያወሩት ኖረዋል። ከአውራጃ ኢንስፔክተር ይመጣል ተብሎ መምህራኑ ዱራሜ ካለው ትምህርት ቤት ግሎብ ተውሰው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡ። እንግዳው ገብተው፣ አይተው፣ ረክተው፣ «ጥያቄ ያለው ልጅ አለ?» ሲሉ ትንሿ አረጋሽ እጃቸውን አወጡ። «ጌታዬ፣ እርስዎ ሲሄዱ ግሎቡም አብሮ ይሄዳል?» ብለው ጠየቁ። መምህሩ መግቢያ ቀዳዳ ጠፋቸው። አባታችን ሊቆጧቸው ጠርተዋቸው ሳቅ ስለቀደማቸው ሳይቆጡ ቀሩ ይባላል። በሚቀጥለው ዓመት ግን ትምህርት ቤቱ የራሱን ግሎብ ገዛ። ለዚህኛው ማስረጃ አለኝ፤ እኔም በዚያው ግሎብ ተምሬበታለሁ።

ሁለተኛ ደረጃን በሆሳዕና ከተማ ከተከታተሉ በኋላ በ1971 ዓ.ም. አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገብተው በ1975 ዓ.ም. በባዮሎጂ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ተቀበሉ። በወላይታ ሶዶ ሁለተኛ ደረጃ መምህርት ሆነው ሲያገለግሉ የእንጨት ሥራ መምህር ከሆኑት ከአቶ ዳኜ ኤርሲዶ ጋር ተዋወቁ፤ በ1978 ዓ.ም. በጋብቻ ተጣመሩ። አቶ ዳኜ ዝምተኛ ሰው ናቸው፤ እህቴ ደግሞ አልነበሩም። ከሠላሳ ዘጠኝ ዓመት በላይ የተስማሙትም በዚህ ሳይሆን አይቀርም። በ1980 ዓ.ም. ራኬብን፣ በ1986 ዓ.ም. ልዑልቃልን ወለዱ። በመካከሉ በ1985 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ተዛውረው መካኒሳ አቦ ቤት ሠርተው ገቡ፤ ሥራቸውን ሳያቋርጡም በትምህርት ምዘና የሁለተኛ ዲግሪያቸውን ያዙ።

መካኒሳ አቦ ሲገቡ አጥር የሚለያቸው ጎረቤቶቻቸው አቶ ማሞና ባለቤታቸው ወይዘሮ ውዳሴ ነበሩ። ልዑልቃል ሲወለድ እናታችን ታመው ከዱራሜ መምጣት ስላልቻሉ እህቴን ያረሷቸው እትዬ ውዳሴ ናቸው። ገንፎውን አገንፍተው፣ አጥሚቱን አፍልተው፣ «ብዪ እንጂ፣ ወተት ከየት ሊመጣ ነው!» እያሉ ያበሏቸው እሳቸው ናቸው። እትዬ ውዳሴ የአቦን ዝክር በየዓመቱ ይዘክራሉ። እኛ ደግሞ በእምነታችን ዝክርና ጸዲቅ አንቀምስም። ይህን ስለሚያውቁ ምግቡ ተባርኮ ዝክር ከመሆኑ በፊት በሌላ ድስት ለይተው ያስቀምጡና፣ «ይሄ የእናንተ ነው፣ አልተባረከም፣ ሳትሳቀቁ ብሉ» ብለው በአጥር በኩል ያቀብሉናል። በሁለቱ ቤቶች መካከል የነበረው ፍቅር እንዲህ ያለ ነበር። ይህን አስቀድሜ የተናገርኩት በኋላ የመጣውን እንድትረዱልኝ ነው።

በ1996 ዓ.ም. የግል ኮሌጆች በየፎቁ ላይ መከፈት በጀመሩበት ወቅት፣ ወይዘሮ አረጋሽ የከፍተኛ ትምህርትን ጥራት በሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት በባለሙያነት ተቀጠሩ። ሥራቸው ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች የዕውቅና ፈቃድ ሲጠይቁ ወይም ሲያሳድሱ በአካል ሄዶ ማየት ነበር። መምህራኑ በእርግጥ አሉ? ቤተ መጻሕፍቱ ይከፈታል ወይስ ቁልፉ ዲኑ ኪስ ውስጥ ነው? ተማሪው የሚማረው በወረቀት ላይ የተጻፈውን ነው? ይህን ሁሉ አይተው ከሌሎች ሁለት ገምጋሚዎች ጋር ሪፖርት ይጽፋሉ።

በመጀመሪያው ዓመት የሆነውን ራሳቸው ነግረውኛል። አንድ ኮሌጅ ለገምጋሚዎቹ ቁርጥ አስቆርጦ፣ አዋዜ አቅርቦ፣ ባለቤቱ በእጃቸው እያጎረሱ አስተናገዷቸው። ከምሳ በኋላ ወይዘሮ አረጋሽ ስለ ቤተ ሙከራው ሊጽፉ ብዕራቸውን ሲያነሡ እጃቸው እምቢ አለ። «ቤተ ሙከራ የለም» ማለት ሲገባቸው «ቤተ ሙከራው መጠናከር ይኖርበታል» ብለው ጻፉ። «ያጎረሰኝን ሰው ዓይን እያየሁ የለም ማለት አቃተኝ። ይሉኝታ በሆዴ ገብቶ በእጄ ወጣ» ብለውኛል። ከዚያ ቀን ወዲህ በሚገመግሙት ተቋም ውስጥ ውኃም ቢሆን አልቀመሱም።

አቶ ዳኜ በግምገማ ቀን ማልደው ተነሥተው ምሳ ዕቃ ያሰናዳሉ። ቆጮ ከጎመን ጋር፣ አንዳንዴ የተቀቀለ ድንች፣ በላስቲክ ጠርሙስ ውኃ። ወይዘሮ አረጋሽ የምሳ ሰዓት ሲደርስ ደረጃ ላይ ወይም ዛፍ ሥር ተቀምጠው ምሳ ዕቃቸውን ይከፍታሉ። እምቢ ማለት ለእኛ አገር ሰው ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ታውቃላችሁ። «አፈር ስሆን!»፣ «በሞትኩት!»፣ «ካልበሉማ ንቀውናል ማለት ነው!» እየተባለ እጃቸው ይጎተታል። እሳቸው ለምን እንደማይበሉ ማብራራት አይወዱም ነበር፤ ካብራራሁ ክርክር ይሆናል፣ ክርክሩ ደግሞ በጉርሻ ያልቃል ይላሉ። እጅ ነሥተው፣ «ሆዴን ትንሽ አሞኛል» ብለው ያልፉታል። የመሥሪያ ቤቱ ሾፌር ኢሉ እዚህ መካከላችን አለ፤ «የእሳቸው ድርሻ እንዳይባክን ሁልጊዜ እኔ ነኝ የምበላው፤ ይኸው ሆዴ ማስረጃ ነው» ብሎኛል።

አሁን እህቴ «በልክ ጻፊው» ወዳሉኝ ነገር ደረስኩ። ጋሽ ማሞ ከማስተማር ሥራቸው ጡረታ ሲወጡ ያላቸውን ሁሉ አፍስሰው መካኒሳ ላይ ፎቅ ተከራይተው የነርሶች ኮሌጅ ከፈቱ። ከራሳቸውና ከባለቤታቸው ስም ቆርጠው «ማውዳ» አሉት። በ2006 ዓ.ም. ማውዳ ፈቃዱን የሚያሳድስበት ጊዜ ደረሰና ወይዘሮ አረጋሽ እንዲገመግሙ ተመደቡ። ወዲያው ወደ አለቃቸው ሄደው፣ «ጎረቤቶቼ ናቸው፣ እባካችሁ አውጡኝ» አሉ። አለቃቸው ሳቁባቸው። «አዲስ አበባ ውስጥ የሰው ጎረቤት ያልሆነ ኮሌጅ ካገኙ ያሳዩኝ። በዚያ ላይ የጤና ቤተ ሙከራ የሚያውቅ ሌላ ሰው የለኝም» ብለው ላኳቸው።

ቀኑ ጥቅምት 5 ዋለ። የአቦ ዓመታዊ በዓል ነው። መካኒሳ በነጭ ልብስ ሞልታለች፣ መንገዱ ተዘግቷል፣ የመሥሪያ ቤቱ መኪና በእግረኛ መሀል እየተሳበ ደረሰ። ገምጋሚዎቹ ክፍሎቹን አይተው መለማመጃ ክፍል ሲገቡ አልጋ ላይ የተጋደመ፣ ሰው የሚያህል የነርሶች መለማመጃ አሻንጉሊት አገኙ። ግራ ጆሮው በነጭ ፕላስተር ተጣብቋል። ወይዘሮ አረጋሽ ጠጋ ብለው አዩት። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ከተማው ማዶ ባለ ሌላ ኮሌጅ አግኝተውት ነበር፤ ያንኑ ጆሮ፣ ያንኑ ፕላስተር። እጁን ጨብጠው፣ «እንደምን ሰነበትክ ወንድሜ? እዚህም ተቀጠርክ እንዴ?» አሉት። የቡድኑ ሰብሳቢ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው፤ ጋሽ ማሞ ግን ላብ በላብ ሆኑ። ይህን እንድጽፍ የፈቀዱልኝ ራሳቸው ጋሽ ማሞ ናቸው። «ጻፊው፣ አሁን እኔም እስቃለሁ» ብለውኛል።

ወይዘሮ አረጋሽ ግን ብዙ አልሳቁም። አንዷን ተማሪ ለብቻዋ ጠርተው መርፌ መውጋት በምን እንደተለማመደች ጠየቋት። «በትራስ» አለቻቸው። ሪፖርቱን ሲጽፉ ፊታቸው የነበረው የጋሽ ማሞ ላብ አልነበረም፤ ያቺ ልጅ ነገ የምትወጋው በሽተኛ ነበር።

የምሳ ሰዓት ደረሰ። እትዬ ውዳሴ ከሌሊት ጀምረው ሲሠሩ ያደሩትን ዶሮ በትልቁ ክፍል አሰናድተው ቆመዋል። ገምጋሚዎቹ እጃቸውን ታጠቡ። ወይዘሮ አረጋሽ ምሳ ዕቃቸውን ይዘው ወደ ደረጃው ወጡ። እትዬ ውዳሴ ተከትለዋቸው ወጥተው፣ «አረጉ፣ ነይ እንጂ፣ ወጡ ቀዘቀዘ» አሏቸው። «ውዳሴዬ፣ ሆዴን አሞኛል» አሉ እህቴ፤ ምሳ ዕቃው ጉልበታቸው ላይ ተከፍቶ እያለ። እትዬ ውዳሴ ቆጮውን አዩት። ወደ ትልቁ ክፍል ተመለሱ።

የማውዳ ፈቃድ ሳይታደስ ቀረ። ጉድለቱን እስኪያሟላ አዲስ ተማሪ እንዳይቀበል ተወሰነ፤ ያሉትም ተማሪዎች መለማመጃው በአግባቡ እስኪደራጅ ወደ ሆስፒታል እንዳይሰማሩ ተደረገ። ሰፈሩ በሁለት ተከፈለ። ግማሹ «ጎረቤቷን በላች» አለ፤ ግማሹ «ሥራዋን ሠራች» አለ። ጋሽ ማሞ ለጥቂት ወራት ተኮሳትረው ኖሩ፤ ከዚያ ግን የራሳቸውን አሻንጉሊቶች ገዙ፣ መምህራን ቀጠሩ፣ በማግሥቱ ዓመት ሌላ ቡድን ገምግሞ ፈቃዱን ሰጣቸው። ጋሽ ማሞ ቂም የማያውቁ ሰው ናቸው። ቂሙን ሁሉ ለባለቤታቸው ነው የተዉላቸው።

እትዬ ውዳሴ አኮረፉ። በአጥሩ በኩል የሚያልፈው ድስት ቆመ። ወይዘሮ አረጋሽ ጠዋት ጠዋት ታክሲ ለመያዝ በደጃቸው ሲያልፉ «እንደምን አደርሽ» ይላሉ፤ መልስ የለም። በዕድር ስብሰባ አንዱ ሲገባ ሌላው ወንበር ይቀይራል። እህቴ ያመኑት አንድ ነገር ነው፤ ውዳሴ የተቀየሙት በፈቃዱ መከልከል ነው፣ ስለዚህ ዝም ማለትና መታገሥ ብቻ ነው የሚሻለው። ስወልድ ያረሰችኝን ሴት አጣኋት ብለው ሲያለቅሱ አይቻለሁ። ማስረጃ ካላችሁኝ፣ መሐረቡን ያቀበልኳቸው እኔ ነኝ።

ነገሩ ግን እንደዚያ አልነበረም። እትዬ ውዳሴ ለቅርብ ሰዎቻቸው ይሉ የነበረው ሌላ ነው። «ፈቃዱን መከልከል ሥራዋ ነው። ምግቤን ግን ምን አደረጋት? አቦ ዕለት ስለሆነ ጸዲቅ ሰጠችኝ ብላ ጠረጠረችኝ! ለእሷ ብዬ ከዝክሩ ለይቼ፣ በሌላ ድስት፣ እንደ ሁልጊዜው! ይህን ሁሉ ዓመት አብልቻት አላመነችኝም።» ይህ ንግግር በሰፈሩ ዞሮ፣ «ጴንጤዋ የኦርቶዶክስ እጅ ተጸየፈች» ሆኖ አረፈ። ሁላችንም ሰማነው፤ የወሬው ባለቤት ብቻ ሳይሰሙት ቀሩ። ለሳቸው ደፍሮ የሚነግር አልተገኘም፤ እኔም ይበልጥ ያቆስላቸዋል ብዬ ዋጥኩት።

በ2011 ዓ.ም. የዕድራችን ሊቀ መንበር እናት አርፈው ድንኳን ተተክሎ ነበር። ሴቶቹ ሁሉ ሥራ ላይ ናቸው፤ እትዬ ውዳሴ ወጡን ይጨልፋሉ፣ ወይዘሮ አረጋሽ በሌላው ጥግ ሽንኩርት ይልጣሉ። ሀና ማርያም አካባቢ ኮሌጅ ያላቸው ፓስተር ሚሳኤል ለቅሶ ሊደርሱ መጥተው ሲበሉ ወጡ በጣም ጣማቸው። እትዬ ውዳሴን አመስግነው፣ «ይኼን ወጥ ወይዘሮ አረጋሽ ኮሌጄ በመጡ ጊዜ ባቀርብላቸው ኖሮ ምናልባት ምሳ ዕቃቸውን ይዘጉልኝ ነበር። የገዛ ቤተ ክርስቲያናቸው አገልጋይ ሆኜ ሻዬን እንኳ እኮ አልቀመሱም!» አሉ እየሳቁ።

እትዬ ውዳሴ ጭልፋውን እንደያዙ ቀጥ ብለው ቆሙ። ከዚያ ድንኳኑን አቋርጠው ሽንኩርት ወደሚላጥበት ሄዱ።

«አንቺ! የፓስተር ሚሳኤልንም አልበላሽም?»

እህቴ በሽንኩርት የቀላ ዓይናቸውን ቀና አደረጉ። «በሥራ ቀን የማንንም አልበላሁም። ምነው?»

«እኔ እኮ በአቦ የጠረጠርሽኝ መስሎኝ ነው! ለይቼ ነበር እኮ የሠራሁልሽ!»

«ውዳሴ! አንቺ በፈቃዱ የተቀየምሽኝ መስሎኝ እኮ ነው እኔ አፌን ዘግቼ የኖርኩት።»

«ፈቃዱማ ገደል ይግባ!» አሉ እትዬ ውዳሴ ጮክ ብለው።

«ኧረ እባክሽ፣ ገደል አይግባ!» አሉ ጋሽ ማሞ ከወንዶቹ በኩል። ለቅሶ ቤቱ በሳቅ ተናወጠ፤ ሟቿም በሕይወት ሳሉ ተጫዋች ነበሩ። ሁለቱ ሴቶች ተቃቅፈው ያለቀሱትን ልቅሶ ከሽንኩርቱ የሚለይ አልነበረም።

ከዚያ ወዲያ በአጥሩ በኩል ድስቱ እንደገና ማለፍ ጀመረ። እትዬ ውዳሴ ግን አልረኩም። «እቤት ብትበዪ ምን ያደርግልኛል? ያን ቀን የመለስሽብኝ ኮሌጁ ውስጥ ነው፤ ኮሌጁ ውስጥ ካልበላሽ አልታረቅንም» አሉ። እህቴም ቃል ገቡ፤ ከግምገማ ሥራ የወጣሁ ዕለት መጀመሪያ የምጎርሰው በማውዳ ግቢ ከአንቺ እጅ ነው አሉ። በ2012 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ። እትዬ ውዳሴ በርበሬ አስፈጩ። እህቴ ግን በማግሥቱ በተጋባዥ ገምጋሚነት ውል ፈርመው ተመልሰው ገቡ። «ሴትዮዋ ጡረታም ወጥታ ጡረታ አልወጣችም!» ሲሉ እትዬ ውዳሴ ያልተማረሩበት ዓመት የለም። እህቴ አንድ ኮሌጅ ሳያዩ ከቀሩ በትራስ የተማረ ሰው የሚመረቅ ይመስላቸው ነበር።

በመጨረሻ በሐምሌ 2017 ዓ.ም. ወይዘሮ አረጋሽ ሥራ በቃኝ አሉ። እኛ የደከማቸው መስሎን ደስ አለን። ማውዳም በዚያው ዓመት ከመካኒሳ ወደ ሀና ማርያም በሚወስደው መንገድ ዳር የራሱን ሕንፃ ሠርቶ ገብቶ ነበር። ቀኑ የመስቀል ማግሥት እሑድ ይሁን ተባለ። እትዬ ውዳሴ ዶሮውን ሠሩ፤ በግቢው ዛፍ ሥር ጠረጴዛ ተዘረጋ፤ ጋሽ ማሞ ክራቫት አሰሩ። ከገዟቸው አሻንጉሊቶች አንዱን ጭምር አውጥተው ወንበር ላይ አስቀምጠውት ስናይ በሳቅ ሞትን። ወይዘሮ አረጋሽ ባዶ እጃቸውን፣ ያለ ምሳ ዕቃ መጡ።

እትዬ ውዳሴ ጠቅልለው አጎረሷቸው። እህቴ አኘኩ፣ አኘኩ፣ ሊውጡት ሞከሩ። ጉርሻው አልወረደም። ፊታቸው ጠቆረ፣ ዓይናቸው እንባ ሞላ፣ ዞር ብለው በነጠላቸው ያዙት። እትዬ ውዳሴ ጀርባቸውን እየደገፉ፣ «ምን ሆነሻል? አረጉ፣ ምን ሆነሻል?» ሲሉ፣ እህቴ ከክረምት ጀምሮ ከአጥሚት በቀር የሚወርድላቸው ነገር እንደሌለ ያን ጊዜ ተናገሩ። ሥራ የለቀቁትም ለዚህ ነበር። ለባለቤታቸውም፣ ለልጆቻቸውም፣ ለእኔም አልነገሩንም። የሰውን ጉድለት ሁሉ ጽፈው የራሳቸውን ደብቀው ነበር። ተናድጄባቸዋለሁ፤ አሁንም እናደዳለሁ።

በሆስፒታል ምርመራ የምግብ መውረጃ ቧንቧ ካንሰር መሆኑ ታወቀ። ልጆቻቸውና አቶ ዳኜ ያልሞከሩት ሕክምና አልነበረም። ከኅዳር ጀምሮ በቤታቸው በቱቦ መመገብ ጀመሩ። ቱቦውን የምትንከባከበው ነርስ ሜሪ የመጀመሪያ ቀን ስትመጣ የት እንደተማረች ጠየቋት። «ማውዳ» አለች። «በየትኛው አሻንጉሊት?» አሏት በደከመ ድምፅ። ሜሪ ግራ ገብቷት፣ «በኮሌጁ ነው እናቴ፤ ለየራሳችን የምንለማመድበት ነበረን» አለች። «እሺ ልጄ፣ ቀጥዪ» ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሜሪ አንድም ቀን አላሳመመቻቸውም።

በታኅሣሥ አንድ ከሰዓት እትዬ ውዳሴን አልጋቸው አጠገብ አስቀምጠው ኑዛዜያቸውን ተናገሩ፤ እኔም ነበርኩ። «ድንኳኑ በማውዳ ግቢ ይተከል። ወጡን አንቺ ሥሪ። ያን ጊዜ ገምጋሚም አይደለሁም፣ በሽተኛም አይደለሁም። የእኔን ድርሻ ለቅሶ የመጣው ሰው ይብላልኝ» አሉ። እትዬ ውዳሴ «አፍሽን ያዢ!» ብለው ተቆጡ። ከዚያ እጃቸውን ይዘው ብዙ ቆዩ።

ወይዘሮ አረጋሽ እስጢፋኖስ በተወለዱ በ66 ዓመታቸው ቅዳሜ ጥር 16 ቀን 2018 ዓ.ም. ማለዳ፣ በመካኒሳ አቦ በሚገኘው ቤታቸው፣ ቤተሰቦቻቸው እየዘመሩላቸው ወደሚወዱት ጌታ ተሰበሰቡ። ሥርዓተ ቀብራቸውም ዛሬ እሑድ ጥር 17 ቀን ይፈጸማል። ባለቤታቸው አቶ ዳኜ ኤርሲዶ፣ ልጆቻቸው ራኬብና ልዑልቃል፣ የልጅ ልጃቸው ኤልያቄም፣ እኔ እህታቸው፣ ያስተማሯቸውና አብረዋቸው የሠሩ ሁሉ በኀዘን ላይ ነን። እትዬ ውዳሴም ከቤተሰብ ጋር እንዲጻፉ እህቴ አዘዋል፤ ጽፌያቸዋለሁ።

ደግ ነበሩ ብዬ እንዳልጽፍ ከልክለውኛል፤ ማስረጃ አምጪ ብለውኛል። ማስረጃዬ ስማቸውን በማያውቁ በሽተኞች ክንድ ላይ ነው፤ መርፌው በትራስ ባልተማረ እጅ በገባላቸው ሰዎች ላይ ነው። እኛ «ጌታ ያጽናናን» እንላለን፤ እትዬ ውዳሴ «ነፍሷን ይማርልኝ፣ ከደጋጎቹ ጎን ያስቀምጥልኝ» ይላሉ። እግዚአብሔር ሁለቱንም ይስማ። እሱ የሚያየው በእውነት ያለውን እንጂ ለዕለቱ የተዋሱትን ስላልሆነ እህቴ ፊቱ ሲቀርቡ እንደማይፈሩ አምናለሁ።

አቶ ዳኜ ዛሬ ጠዋት ከልማዳቸው ማልደው ተነሥተው ምሳ ዕቃውን አጥበው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠውት አገኘኋቸው። ምን ሊያደርጉበት እንዳጠቡት እሳቸውም አላወቁም። እቤት ትተነው መጥተናል። ከቀብር በኋላ ሁላችንም የምንሄደው ወደ ማውዳ ግቢ ነው። እትዬ ውዳሴ ከትናንት ጀምሮ አልተቀመጡም፤ የእኛ በአንድ ድስት፣ የሙስሊም ጎረቤቶቻችን የእነ ወይዘሮ ሀኒፋ በሌላ ድስት ተለይቶ ተሠርቷል። እባካችሁ፣ ማንም ሳይበላ እንዳይሄድ።